ለአጭርም ለረጅምም

ሻወር ራስ እንዳለው ያወቅኩት በሰባት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሻወሩንም ቢሆን በቅጡ አይቼው አላውቅም ነበር። የእኛ መታጠቢያ ጓሮ ያለች፣ በቆርቆሮ የተከለለች፣ በሯ በሽቦ የምትታሰር ጠባብ ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ ሳፋ፣ አንድ ባልዲና አፉ የተሸረፈ ጆግ ነበር። ስለዚህ አባቴ አንድ ቅዳሜ የዳቦ መኪናውን ሞተር እያሞቀ «ዛሬ የሻወር ራስ ልንመርጥ ነው፤ አማካሪዬ አትመጣም?» ሲለኝ፣ የታየኝ ዓይንና አፍንጫ ያለው፣ ምናልባትም ፀጉር ያበቀለ ነገር ነበር።

አባቴ የዳቦ ቤት ሾፌር ነበር። ማለዳ ማለዳ ለየሱቁ ዳቦ ያደርሳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋም እሱም ሥራ ይፈታሉ። እናቴ ሆስፒታል፣ ልብስ እጥበት ውስጥ ትሠራ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የማታውቃቸውን ሰዎች አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ትከርምና ቅዳሜ ደግሞ ተራው የእኛ ልብስ ይሆናል።

ወደ መኪናዋ ስሮጥ ከሳፋዋ ቀና ብላ ጠራችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ፀጉሬን እያስተካከለች፣

«አባትሽን ብቻውን እንዳትተዪው» አለችኝ። «ሲወርድ ውረጂ፤ ሲገባ ግቢ። መኪና ውስጥ ጠብቂኝ ካለሽ ሽንቴ መጣ በይው።»

«ለምን?»

«ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል።»

ለአባቴ አዘንኩለት። ያን የሚያክል ሰውዬ፣ ሲስቅ መኪናዋን የሚያንቀጠቅጥ፣ ብቻውን ሲሆን እንደሚከፋው አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ጥላው ተከተልኩት።

እናቴ ዘበኛ አድርጋ እንደላከችኝ የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ላገባ ሽር ጉድ ስል። «ልጁን ይዞ ወዴት ይሄዳል ብላ ነው እኮ» አለችኝ። አባቴ ደግሞ ልጁን እጇን ይዞ የሚሄድ ሰው ማንም እንደማይጠረጥረው ያውቅ ነበር። አንዷ ለጥበቃ፣ አንዱ ለሽፋን። እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ትኩስ ዳቦ እየገመጥኩ፣ በዓለም ላይ እንደ እኔ የምትወደድ ልጅ ያለች አይመስለኝም ነበር።

የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ምን ቢጠየቁ መልሳቸው «ግፊት» ስለሆነ አባቴ ጋሽ ግፊት ይላቸው ነበር፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። ግድግዳቸው ላይ የሻወር ራስ ተደርድሯል፦ ሰሃን የሚያህል ሰፊ፣ ቡጢ የሚያህል ትንሽ፣ እንደ ስልክ እጀታ የሚያዝ፣ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ። አንዱም ዓይን አልነበረውም፤ ሁሉም ግን በቀዳዳዎቻቸው ወደ እኔ የሚያዩ መሰለኝ።

«ያንን!» አልኩ ሰፊውን እያሳየሁ። «ዝናብ የሚመስለውን!»

ጋሽ ግፊት አባቴን አዩት። «ታንከሩ የት ነው?»

«ጣሪያ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ቤቱ ፎቅ ነው?»

«የለም፣ ምድር ቤት ነው። ታንከሩም ብዙ ከፍ አይልም።»

«እንግዲያው ግፊት የለህም።» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ እሱ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽሽም። ግፊት በሌለበት ቤት ግን ዝናብ መሆኑ ይቀርና ጤዛ ይሆናል። ሳሙና ተቀብተሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ውሃው እስኪደርስሽ ቆመሽ ታለቅሻለሽ።»

አባቴ ሳቀ። ትንሹን ብረት አነሳና በእጁ መዘነው። «ይሄስ?»

«እሱ ኃይል አለው። ግን ይወጋል። ለማን ነው?»

«ለሴት ነው። ቆዳዋ ስስ ነው።»

«የእማዬ ቆዳ እኮ ስስ አይደለም» አልኩ። «እጇ ሻካራ ነው። ሲያሳክከኝ በሱ ነው የምታክክልኝ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ዕቃውን መልሶ ሰቀለውና «በይ አማካሪዬ፣ አንቺ ንገሪያቸው፤ ምን ዓይነት ነው የሚሻለው?» አለ።

እንደዚያን ቀን ተጠይቄ አላውቅም። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት። እማዬ አጭር ናት። ከሥራ ስትመጣ ገላዋን እንጂ ፀጉሯን መታጠብ አትወድም፤ ፀጉሯ ቶሎ ስለማይደርቅ ብርድ ያስይዛታል። ቀኝ ትከሻዋን ከካውያው የተነሳ ያማታል፤ እጇን ወደ ላይ ማንሳት አትችልም፤ ስለዚህ ጀርባዋ ላይ ውሃ የማንቆረቁርላት እኔ ነኝ።

ጋሽ ግፊት መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «አየህ፣ አማካሪህ ካንተ በለጠች። እንግዲያው ለዚህች እናት በእጅ የሚያዘው፣ ባለ ጎማው ነው የሚሆናት። ወደ ፈለገችበት ታዞረዋለች፤ ፀጉሯም አይነካም።» አውርደው ሰጡኝ። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «ሃሎ!» አልኩ።

አባቴ አልሳቀም። «ረጅም ሰው ቢሆንስ?» አለ።

«ረጅሙ አንተ ነህ!» አልኩት። «አንተ ጎንበስ ትላለህ!»

ሽማግሌው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ረጅም ብረት አወጡ።

«ይሄም አለ። ብረቱ ግድግዳ ላይ ይተከላል፤ ራሱ እሱ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲፈለግም ተነቅሎ በእጅ ይያዛል። ለአጭርም ለረጅምም ይሆናል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለቱም ላለበት ሰው ማለቴ ነው።»

አባቴ ወለሉን አየ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። ለእማዬም ለአባዬም የሚሆን ተገኝቷላ!

መኪና ውስጥ ስንገባ «ለኛ ነው አይደል? ቤት ልንሠራ ነው አይደል?» አልኩት።

«ለማን ሊሆን ነው ታዲያ?» አለኝ።

ይህን ዛሬም ደጋግሜ አስበዋለሁ። አባቴ ዋሽቶኝ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጠይቆኝ ነው የሚያልፈው፤ ውሸቱን የምሠራው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ግን አልገዛንም። ምርጫ የሚያበዛ ሰው ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሱቅ ሄደን ረከስ ያለ ፕላስቲክ ገዛ፤ እኔን ቤት አድርሶኝ ዕቃውን ይዞ ሄደ። ሳምንቱ ሲደርስ ፕላስቲኩን ለመመለስ ሄድን።

«ምን ሆነብህ?» አለው ባለሱቁ።

«አልተስማማትም።»

«ማንን?» አልኩ እኔ።

«ቧንቧዋን» አለ አባቴ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ተመልሰን ወደ ጋሽ ግፊት ሄድንና ለአጭርም ለረጅምም የሚሆነውን ገዛን። ሽማግሌው ጠቅልለው ለአባቴ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። «ያንቺ ምርጫ ነው፤ አንቺ ያዢው» አሉኝ። ሳይስቁ ነው ያሉት። መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን አቅፌው ሄድኩ።

ቤቱን ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። ከነዳጅ ማደያው ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ጎማ ከሚጠግነው ሰውዬ ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት። ሁለት ክፍል፣ ትንሽ ኩሽና፣ እና በውስጥ በኩል፣ በውስጥ! እንደ ሰው ቤት በር ያለው መታጠቢያ ቤት። በሩን የከፈተችልን ረጅም ሴት ነበረች። ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ደግፋለች።

«ቤቱን እሷ ናት የምትጠብቀው» አለኝ አባቴ።

«አድገሽ የለም እንዴ!» አለችኝ ሴትዮዋ፤ ጉንጬን ሳመችኝ። የት እንደምታውቀኝ ገረመኝ። አንዴ አባቴ ዳቦ ቤት ሲወስደኝ ካሽየር ሆና ከመስታወቱ ጀርባ ከረሜላ የሰጠችኝ እሷ መሆኗን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሆዷን አየሁትና ጥበቃ ሥራ ያወፍራል ማለት ነው አልኩ በልቤ፤ ቁጭ ብሎ መዋል ነዋ።

ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን በእርሳስ ሊያመለክት ሲል «ቁመቱን የት ላድርገው?» አለ።

አባቴ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እስቲ ቁሚበት።»

ቆመች። ሠራተኛው ከራሷ በላይ ምልክት አደረገ።

«እማዬ እዚያ አትደርስም!» ብዬ ጮህኩ።

ሠራተኛው እርሳሱን ይዞ ቀረ። አባቴ የመፍቻ ሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረ። ሴትዮዋ ናት የመለሰችልኝ። ሁሉም ነገር ተገጥሞ ሲያልቅ ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቤ ተንበረከከች፣ የሻወሩን ራስ ስባ እስከ እኔ ቁመት ድረስ አወረደችውና «ዝቅ ይላል እኮ፣ የኔ ቆንጆ። አየሽ?» አለችኝ።

ደግ ነበረች። ጥርሴን ነክሼ ልጠላት ስሞክር ይቺ ነገር ትመጣብኛለች። ብትከፋ ኖሮ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

ውሃው ሲለቀቅ አጨበጨብን። ስንመለስ አባቴ መኪናውን ዳር አስይዞ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «እማዬ ጋ ትንፍሽ የለም። እሺ አማካሪዬ? የኔና ያንቺ ነው።»

«ማርያምን አልናገርም!» አልኩ፤ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ።

ምስጢር ለልጅ ከባድ ነው፤ ደስ የሚል ምስጢር ደግሞ ይብስበታል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጥቂት ቀን ቻልኩት። አንድ አመሻሽ ላይ እናቴ ከሥራ መጣች። የሞቀውን ውሃ ይዛ ቆርቆሮዋ ውስጥ ገባች፤ እንደ ልማዷ ጠራችኝ። ሳፋው ውስጥ ቁጢጥ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ በጆጉ አፈሳለሁ። ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አላይም።

«እማዬ፣ በቅርቡ እኔ ከማፍሰስ ልገላገል ነው» አልኳት።

«እንዴት?»

«ምስጢር ነው።»

«ከአባትሽ ጋር ነው ምስጢሩ?»

«አልናገርም ብያለሁ።»

«ጎበዝ። ቃል ከሰጡ አይናገሩም» አለች፣ ሳሙናውን ክንዷ ላይ እያዞረች። «እኔ ልገምት ታዲያ። አንቺ አትናገሪም፤ አዎ ወይም አይ ነው የምትዪው። ጨዋታ ነው።»

ጨዋታ ከሆነማ! መገመት መናገር አይደለም። ጆጉን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ተዘጋጀሁ።

«የሚበላ ነው?»

«አይ።»

«ቤት ነው?»

«አዎ!» አንድ ጆግ አፈሰስኩላት። እንዴት ያለች አዋቂ ናት!

«ሩቅ ነው?»

«አይ።»

«ሻወር አለው?»

ጮህኩ። «አዎ! አዎ! እንዴት አወቅሽ?»

እየሳቀች ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። «ዝም ብዬ ነዋ። ሰው አለበት?»

«አይ… ማለቴ ጠባቂዋ ብቻ።»

«ሴት ናት?»

«አዎ።»

«ቀጭን ናት?»

«አይ! ሆዷ እዚህ ድረስ ነው!» በእጄ አሳየኋት፤ ግን ጀርባዋን ስለሰጠችኝ አላየችም። ስለዚህ እሷው ራሷ «ብዙ ነው የገፋው?» ብላ ጠየቀችኝና «አዎ» አልኳት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔ እየሳቅኩ ነው የወሰድኳት።

ጥያቄው ቆመ። ሳሙናው ከእጇ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ጀርባዋ ላይ አረፋው ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። «አሸነፍሽ እኮ!» አልኳት። «ሁሉንም አወቅሽው!»

«አዎ፣ አሸነፍኩ» አለች። «በይ አፍስሺ፤ ውሃው ሳይበርድ።»

ቅዳሜ ሲደርስ አባቴ «ዛሬ ዳቦ ቤት ሥራ አለ፤ አማካሪዬ ትረፍ» ብሎ ብቻውን ሄደ። እናቴ ልብሱን ሳፋ ውስጥ እንደዘፈዘፈችው ትታ ገባች። ስትወጣ የክት ቀሚሷን ለብሳለች። በላስቲክ ከረጢት ሳሙናዋን ይዛለች።

«ተነሺ፤ ቤቱን አሳዪኝ» አለችኝ።

«ድንገት ነው እኮ ልናስገባሽ የነበረው!»

«ድንገት ልግባ ታዲያ።»

መንገዱን እየመራሁ ከፊቷ ከፊቷ ሄድኩ። አረንጓዴው በር ላይ የዳቦ መኪናዋ ቆማለች። አንኳኳሁ። አባቴ ራሱ ከፈተ፤ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ እጁ ላይ ግማሽ ብርቱካን ይዟል። እኛ ቤት ጫማውን የማያወልቅ ሰው ነበር።

«አመጣኋት!» አልኩት።

አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ቀረ።

«ሻወር አስገባህ አሉ» አለች እናቴ። «ልጄ የመረጠችውን ልየው ብዬ ነው።»

«ቤት እንሂድና እንነጋገር። እዚህ…»

«ለመነጋገር አልመጣሁም። ለመታጠብ ነው የመጣሁት።»

ገባች። ሴትዮዋ ወንበሩን ተደግፋ ለመነሳት ስትታገል «እትዬ… ይግቡ» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም።

«አትነሺ፤ አንቺ እንኳ ተቀመጪ» አለቻት እናቴ። እናቴ ለጠባቂ እንኳ ክብር እንደምትሰጥ ሳይ ኮራሁባት። «የት ነው?»

እጇን ይዤ ወሰድኳት። ሁሉንም አስረዳኋት። ይሄንን ስትጫኚ ዝቅ ይላል፤ ይሄንን ስትነቅዪ በእጅሽ ትይዢዋለሽ፤ ፀጉርሽ አይነካም፤ ትከሻሽን አታነሺም። የሻወሩን ራስ በልኳ አወረድኩላት። መዳፏን አናቴ ላይ አሳረፈች፣ አስወጣችኝና በሩን ዘጋችው።

ውሃው መውረድ ጀመረ።

አባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብርቱካኑ አሁንም እጁ ላይ ነው። «ምን ብለሽ ነገርሻት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልነገርኳትም! ራሷ ገመተችው።»

ሴትዮዋ በሩን እያየች ነበር። ውሃው ይወርዳል። ቆየ። በጣም ቆየ። እኔ ብርቱካን ተሰጥቶኝ በላሁ፤ ጨረስኩ፤ አሁንም ይወርዳል። እናቴ እንዲህ ገላዋን ስትታጠብ አይቼ አላውቅም፤ አንድ ባልዲ ሙሉ እንኳ ጨርሳ አታውቅም፤ ለእኔ ታስተርፍ ነበር። እንደወደደችው ገባኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

«ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው እኮ» አለች ሴትዮዋ ለአባቴ፣ ልታለቅስ እየደረሰች። «ታንከሩ ካለቀ…»

«ዝም በይ።»

ድምፁ እየቀጠነ መጣ። ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሳል ሳል አደረገው። ከዚያ ጸጥ አለ። አባቴ ተነስቶ በሩን አንኳኳ። «አልቋል እኮ። በቃሽ፤ ውጪ።»

ውሃው ካለቀ በኋላ እዚያ ውስጥ ብዙ ቆየች። ምን ስታደርግ እንደቆየች ዛሬም አላውቅም።

ስትወጣ ፀጉሯ ከሥሩ ርሷል። በእጅ የሚያዘውን፣ ፀጉር የማይነካውን መርጬላት፣ ከአናቷ ላይ ለቃዋለች። የክት ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ፊቷ ቀልቷል። ሴትዮዋ ፊት መጥታ ቆመች።

«ውሃሽን ጨረስኩብሽ» አለቻት። «ግድ የለም፤ እሱ ይሞላልሻል። እኔ ቤት ባልዲ አንስቶ አያውቅም፤ አንቺ ጋ መቼም ለምዷል።»

«እትዬ፣ እኔ…»

«ምንም አትበዪኝ። ብትዪኝም አልሰማሽም፤ ጆሮዬ ውሃ ገብቶበታል።»

አባቴን ቀና ብላ አላየችውም። ሳሙናዋን ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፤ እጄን ያዘች፤ ወጣን።

መንገድ ላይ ሰው ያየን ነበር። ከፀጉሯ የሚወርደው ውሃ ትከሻዋን አልፎ እጄ ላይ ይንጠባጠባል።

«ጥሩ ነው?» አልኳት።

«ጥሩ ነው።»

«እኔ እኮ ነኝ የመረጥኩት። ጋሽ ግፊትን ጠይቂያቸው።»

«አውቃለሁ። ልኬን አውቀሽ ነው የመረጥሽው።»

«መቼ ነው ታዲያ የምንገባው?»

ጎማ የሚጠግነውን ሰውዬ አልፈን፣ ማደያውን አልፈን፣ ቤታችን እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።

አባቴ በሰሞኑ መጥቶ ልብሱን ወሰደ። በዳቦ ማመላለሻ ሣጥኖች ነው የጫነው። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች፤ አክስቴ በር ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ታየዋለች። «የት ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«ቤቱ ጠባቂ አይፈልግም?» አለኝ።

እውነትም ይፈልጋል። ጠባቂዋ ብቻዋን ናት፤ ያውም መሮጥ የማትችል። ሣጥኖቹን ሲጭን አገዝኩት።

ያ ሆድ ዛሬ ወንድሜ ነው። ከረባት አስሮ ባንክ ይሠራል፤ ስንገናኝ «እህቴ» ይለኛል፤ በሰላምታችን መሃል ሁልጊዜ አንድ የማይሞላ ቦታ አለ። ያን ጊዜ ግን ስለ እሱ የነገረኝ አልነበረም። እኔ የማውቀው ቤት መኖሩን ነው፤ ሻወሩ በእናቴ ልክ መውረዱን ነው፤ እና የምንገባበት ቀን እየራቀ መሄዱን ነው። ቦርሳዬን አዘጋጅቼ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። መምህሬ «አባትሽ ለምን አይመጡም?» ስትለኝ «አዲሱ ቤታችን ናቸው» እላታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ የመኪናዋን ድምፅ እጠብቃለሁ። የዳቦ መኪናዋ አንዳንዴ በዋናው መንገድ ስታልፍ ትሰማኛለች። ወደ እኛ ግን አትታጠፍም።

እናቴ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም፤ ቢያንስ እኔ ፊት። ልብስ ማጠብ ጨመረች። የሰው ልብስ ወደ ቤት እያመጣች ማታ ማታ ትተኩስ ጀመር። ሰው የአባቴን ስም ሲያነሳ «ደህና ነው» ትላለች። አንድም ቀን ስለ እሱ ክፉ ነገር አልነገረችኝም፤ እኔም አንድም ቀን ክፉ ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።

ስለዚህ ጥፋተኛ ፈለግኩ። ልጅ ሲጠብቅ የቀረበትን ነገር ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ሰው ይፈልጋል። አሰብኩ፤ አሰብኩና ደረስኩበት። ያን ቀን ሁሉም ደህና ነበር። አባዬ ብርቱካን ሲበላ ነበር። ጠባቂዋም ይግቡ ብላን ነበር። ነገሩ የተበላሸው ውሃው ሲያልቅ ነው።

ዝናብ የጣለበት አንድ ከሰዓት ነበር። እናቴ ጠረጴዛው ላይ የሰው ሸሚዝ ዘርግታ ትተኩሳለች። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ነበር፤ የክፍል ጓደኛዬ «አዲስ ቤት የሚባል የላችሁም፤ ውሸታም» ብላኝ በሰው ፊት አሳፍራኝ ነበር።

«አንቺ ነሽ!» አልኳት እናቴን፣ ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ጥዬ። «ሁሉንም ያበላሸሽው አንቺ ነሽ! የሰው ውሃ ጨርሰሽ ነው አባዬ የተቆጣው! ቀስ ብለሽ ብትታጠቢ ኖሮ አሁን ገብተን ነበር! አባዬም እዚህ ይመጣ ነበር!»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች። የሚወጣውን ነገር ሁሉ፣ አክስቴ በኋላ የነገረችኝን ሁሉ፣ እዚያ ከንፈሯ ላይ አየሁት ብል ዛሬ ያወቅኩትን ለልጅነቴ ማበደር ነው። ያን ጊዜ ያየሁት አፏን ከፍታ መልሳ ስትዘጋው ነው። የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። ካውያውን አነሳች፤ ሸሚዙ ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቷል። በጣቷ ዳሰሰችው።

«ልክ ነሽ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። መጨረስ አልነበረብኝም።»

እንዲህ በቀላሉ ታምናለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ንዴቴ በረደ። እንዲያውም አሳዘነችኝ፤ ጥፋቷን አምና አንገቷን ደፍታ ቆማለችና። ትልቅ ሰው እንደሚያደርገው ወደ እሷ ሄድኩ፣ ክንዷን ቸብ ቸብ አደረግኩ፣ ይቅር አልኳት።

«ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» አልኳት።

«ሁለተኛ አይለምደኝም» አለች እናቴ።